በጠረጴዛው ላይ ያለው ወንዝ
(በምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሥራ የሚናገር ሞልቷል፤ አንቺ ከሥራ ውጭ ስለምትወጂው ነገር አሥር ደቂቃ ንገሪን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንግዲህ አትሳቁብኝ፤ እኔ ቅዳሜ ማታ ከሚሴ፣ ቤቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ጦርነት እጫወታለሁ።

መነሻው ወንድሜ ከውጭ አገር የላከው አንድ ካርቶን የላስቲክ ወታደር ነው። ልጆቼ ቀለም ቀቧቸው። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ እናነጥፋለን፣ ከሥሩ መጽሐፍ እንከታለን፣ ተራራ ይሆናል። ያ ስንት ሌሊት ያስለቀሰን ሀሪሰን ዛሬ እኛ ቤት ሶሎዳ ተራራ ነው። በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት ነው።

በ2014 ጦርነቱ በእኛው ከተማ አልፏል። ስለዚህ ጦርነትን መጫወት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ ላይ እኔም ከብዶኝ ነበር። የያዘኝ ግን ተኩሱ አይደለም፤ የእንቅስቃሴው ሕግ ነው። ማን በስንት ጊዜ የት ይደርሳል የሚለው።

አያቶቻችን የተጫወቱትን ሰንጠረዥ አስቡት። እዚያ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ። ግሩም ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሰንጠረዥ ላይ መሬት የለም። ፈረሱ የትም ቢቆም አካሄዱ ያው ነው፤ ጭቃ አይዘው፣ ዳገት አያደክመው። መሬቱን ወደ ጨዋታው ካስገቡት አንዱ ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. በእውነተኛ ካርታ ላይ የሚካሄድ፣ ዳኛ ያለው የጦር ጨዋታ አወጣ። በ1913 ደግሞ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ለአሻንጉሊት ወታደሮች ሕግ ጻፈ፤ እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ፣ መለኪያውም ክር።

በእኛ ቤት ሕግ እግረኛ ሜዳ ላይ በአንድ ተራ 20 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ረግረግና ገደል ላይ 10። ቀላል ይመስላል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ክሩ ብርድ ልብሱን ተከትሎ ይለካ፣ ወይስ ማስመሪያ ከላይ ይያዝ? ከላይ ከለካችሁ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። ግማሹ ጭፍራ ረግረግ ውስጥ፣ ግማሹ ደረቅ መሬት ላይ ከሆነስ? ልጄ «በፈጣኑ» ይላል፤ እህቱ «በዘገየው» ትላለች። እኔ ዳኛ ነኝና ለእሷ ፈረድኩ። ጭፍራ ደረሰ የሚባለው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕጋችን ግን ይህ ነው፦ ጨዋታው ሳይጀመር ሦስታችንም ጠረጴዛውን እንዞራለን። «ይሄ ወንዝ ይሻገሩታል? የት ጋ? ይሄ ጫካ ፈረስ ያስገባል?» እንባባላለን። ከተጀመረ በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ ለራሱ እንደሚመቸው ይተረጉማል።

ያለዚህ ስምምነት ምን እንደሚመጣ የዓድዋ ታሪክ ያሳያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጀኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶቹን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ በእጁ የነበረው ረቂቅ ካርታ «ኪዳነ ምሕረት» የሚል ኮረብታ ነበረበት። አልበርቶኔ ካርታው ካለው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ትዕዛዙን በቃሉ ፈጸመና ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ብቻውን ሄደ። ዳቦርሚዳም በሌላ ሸለቆ ራቀ። ድሉ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ነው፤ የጠላት ካርታ ግን ሥራ አግዟቸዋል።

አሁን «ስለ ሥራ አትናገሪ» የተባልኩትን ልጥስ ነው፤ ይቅርታ።

ከተመረቅን በሁለተኛው ክረምት በዚያው በዞናችን ተረኛ ሐኪም ነበርኩ። አንዲት አዋላጅ ነርስ ከቦርከና ማዶ ካለ ጤና ጣቢያ ጠዋት ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ምጧ ቀስ ብሏል፣ ልላካት?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አየሁ፤ በጣቴ ለካሁት፤ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። «ቅርብ ናችሁ፣ ትንሽ ጠብቂና ካልሆነ ትልኪያታለሽ» አልኩ።

ከሰዓት ላከቻት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ ማዶ ቆመ። ከጨፋ በኩል በጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ ዞረው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ሲደርሱ መሽቷል፤ ማሕፀኗ ተቀድዷል። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም፤ ሌላም አትወልድም።

ከተሸካሚዎቹ አንድ ሽማግሌ፣ ልብሳቸው እስከ ወገብ ጭቃ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ማነው ቅርብ ናቸው ያለሽ? ክረምት ከገባ እኮ እኛ ሩቅ አገር ነን።»

ስለ ሦስቱ መዘግየቶች በክፍል ተምረናል፤ ፈተናም ላይ መልሰነዋል። ሁለተኛው መዘግየት፣ መንገዱ። እኔ ግን ያን ቀን ማስመሪያዬን ከላይ ነው የያዝኩት። ወንዙን ማን መቼ እንደሚሻገረው ሳልጠይቅ ነው ጨዋታውን የጀመርኩት። ካርታው ርቀቱን አልዋሸኝም፤ ሰዓቱን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ቦታ ሁሉ ግድግዳ ላይ ሌላ ወረቀት እሰቅላለሁ። ኪሎ ሜትር የለበትም። የቀበሌው ስም፣ በበጋ ስንት ሰዓት፣ በክረምት ስንት ሰዓት። የሚሞላው በእኛ አይደለም፤ በባጃጅ ነጂዎች፣ በአምቡላንስ ሹፌሮችና በቃሬዛ ተሸካሚዎች ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ እንደገና እንጠይቃቸዋለን፤ ድልድይ ይሠራል፣ ድልድይ ይወሰዳል። ከወንዝ ማዶ ላለች ምጥ የዘገየባት እናት በክረምት «ጠብቂ» አይባልም። ቀኗ የቀረበ ደግሞ ቀድማ ወደ እናቶች ማቆያ ትመጣለች። እምቢ የምትልም አለች፤ ቤቷን፣ ከብቷን፣ ልጆቿን ለማን ትተው? እሱም መሬት ነው፤ እሱንም መጠየቅ አለብን።

ጓደኞቼ፣ ከእናንተ አንዳንዱ ትልቅ ከተማ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዱ ውጭ አገር። ግን ሁላችንም ስልክ አንስተን «ላኩ» ወይም «ጠብቁ» እንላለን። ሰኞ ሥራ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ በሽተኛ የሚያመላልሰውን ሹፌር ሻይ ጋብዙትና መንገዱን ጠይቁት።

የዚያች እናት ልጅ ቢኖር ዛሬ ከልጄ ጋር እኩያ ነበር። ቅዳሜ ማታ ብርድ ልብሱን ስናነጥፍ ልጄ «እማ፣ ወንዙ ይሻገሩታል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሁልጊዜ መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ «ወሩ ምንድን ነው?»