ወተት ብቻውን እናት አይሆንም፤ እናት አልባ የኮዋላ ግልገልን ከማሳደግ የምንማረው

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእስ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ ባልደረባዬ «የእኛ ጥጃና ግልገል አልቆ ነው ወይ አውስትራሊያ ድረስ የተሻገርከው?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

አንደኛ፣ ኮዋላ የሚኖርበትን ዛፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የአዲስ አበባን ኮረብታዎች አለበሰ፤ የማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የገበሬው የገንዘብ ምንጭም ሆነ። ዛፉን ስናመጣ ግን ቅጠሉን የሚበላውን እንስሳ አላመጣንም። ሁለተኛው ምክንያት የሚበልጠው ነው። አንድ ግልገል ከእናቱ ምን ምን እንደሚቀበል ከኮዋላ አጉልቶ የሚያሳየን እንስሳ ጥቂት ነው። እናት ስትሞት የሚጠፋውን በሙሉ ዘርዝሮ ያላወቀ ሐኪም፣ የቱን መተካት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም።

ኮዋላ በልማድ ከድብ ጋር ቢጠራም ድብ አይደለም። ግልገላቸውን በሆዳቸው ላይ ባለ የቆዳ ከረጢት ከሚያሳድጉ አጥቢዎች ወገን ነው። እርግዝናው 35 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። የሚወለደው ግልገል ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ1 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ የባቄላ ፍሬ አይበልጥም ማለት ነው። ዐይኑ አልተከፈተም፤ ጸጉርም የለውም። ሆኖም በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ ራሱ ወደ ከረጢቱ ይገባና አንዱን የጡት ጫፍ ይጎርሳል። ጫፉ በአፉ ውስጥ ስለሚያብጥ ለረጅም ጊዜ አይላቀቅም። የእኛ ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ይጠባል፤ ይህ ግን ስድስት ወር ያህል በከረጢት ይኖራል። ከዚያ በእናቱ ጀርባ ላይ እየታዘለ ሌላ ስድስት ወር ያህል ይቆይና በዓመቱ ገደማ ጡት ይተዋል። ስለዚህ ከረጢቱን ሁለተኛ ማሕፀን ብንለው አልተሳሳትንም።

እንግዲህ እናት በመንገድ ላይ በመኪና ተገጭታ፣ በውሻ ተነክሳ፣ በሰደድ እሳት ተቃጥላ ወይም በበሽታ ደክማ ስትሞት፣ ግልገሉ ከነሕይወቱ በከረጢቷ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሞተች ኮዋላ ሲያገኙ መጀመሪያ ከረጢቷን መፈተሽ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። የጡት ጫፍ የጎረሰ ጨቅላ ከተገኘ ጎትቶ ማላቀቅ አፉን ይጎዳል። ልምድ ያላቸው ተንከባካቢዎች የእናቲቱን የጡት ጫፍ ከሥሩ ቆርጠው፣ ግልገሉን ጫፉን እንደጎረሰ በሙቀት ጠቅልለው ወደ ሐኪም ያደርሱታል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ምሳሌያዊ አነጋገር ይረዳናል፤ «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። የተንከባካቢው የመጀመሪያ ሥራ እነዚህን ሁለት ልቅሶዎች መለየት ነው። እናቱ በአቅራቢያው ዛፍ ላይ ያለች ጤነኛ ግልገልን አንሥቶ መውሰድ፣ በደግነት ስም እናት አልባ ማድረግ ነው። በአውስትራሊያ ኮዋላን ማንም ተነሥቶ በቤቱ እንዳያሳድግ፣ ፈቃድና ሥልጠና እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ግልገሉ እናት አልባ መሆኑ ከተረጋገጠ ቅደም ተከተሉ እኛ ለማንኛውም ጨቅላ እንስሳ ከምናስተምረው አይለይም፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ከዚያ ወተት። የቀዘቀዘ ሰውነት ወተት አይፈጭም። ጸጉር ያላበቀለ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሆነ፣ እርጥበት ባለው፣ ጨለም ባለና ጸጥ ባለ ሰው ሠራሽ ከረጢት ይቀመጣል። ጸጉሩ እየበቀለ ሲሄድ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል።

ወተቱም የራሱ ጥበብ አለው። የላም ወተት ለኮዋላ ግልገል አይሆንም፤ በውስጡ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር በሚገባ መፍጨት ስለማይችል ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጥ ደግሞ ለዚያች ትንሽ ገላ ሞት ሊሆን ይችላል። የእናት ኮዋላ ወተት ግልገሉ ባደገ ቁጥር ይዘቱን ስለሚለውጥ፣ ምትኩም እንደ ዕድሜው ይለያያል። ወተቱ በትንሽ መርፌ መሰል መስጫ ወይም በቀጭን ጡጦ፣ በዝግታ ይሰጣል፤ ተቻኩሎ የሚያጠባ ሰው ወተቱን ወደ ሳንባ ይሰደውና የሳንባ ምች ያስከትላል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን፣ ከጠባ በኋላ እናቱ በምላሷ እንደምታደርገው በእርጥብ ጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሽንት እንዲሸና መርዳት፣ ይህንኑ ሌሊት ሳይቀር መደጋገም የተንከባካቢው የዘወትር ሥራ ነው።

ግልገሉ የሚያቅፈውም ይፈልጋል። የኮዋላ ጥፍርና ክንድ የተፈጠረው ለመጨበጥ ስለሆነ የሚይዘው ሲያጣ ይጨነቃል። ስለዚህ ለስላሳ የጨርቅ አሻንጉሊት ይሰጠዋል። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትነፍግ ገለባ የተሞላ የጥጃ ቆዳ የሚያቀርቡ ከብት አርቢዎች ይህ አይገርማቸውም፤ እዚያ ላሚቱን በልጇ አምሳል ያጽናናሉ፣ እዚህ ልጁን በእናቱ አምሳል።

እስካሁን የዘረዘርሁትን ሁሉ ትጉ ሰው ሊያሟላው ይችላል። አሁን ግን ትጋት ብቻውን ወደማይሠራበት ነጥብ ደርሰናል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ምግብነቱ አነስተኛ፣ አሰሩ የበዛ፣ በታኒንና በተርፒን የተሞላ፣ ለአብዛኛው እንስሳ መርዝ የሆነ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የኮዋላ ሙሉ የዘረ መል ጥናት፣ መርዝን በጉበት የሚያመክኑ የዘረ መል ቤተሰቦች በዚህ እንስሳ እንደበዙ አሳይቷል። ይህን ግልገሉ በደሙ ይወርሰዋል። ቅጠሉን የሚያብላሉለትን ረቂቅ ተሕዋስያን ግን በደም አይወርስም። እነዚህ የሚኖሩት ሴከም በሚባለው፣ በአንድ ጫፉ በተዘጋ የአንጀት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የኮዋላ ሴከም ርዝመት 2 ሜትር ያህል ይደርሳል። ታዲያ ከእናት ወደ ልጅ እንዴት ይሻገራሉ?

የኮዋላ የወትሮ ዐይነ ምድር እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅና ጠጣር ነው። ግልገሉ ስድስት ወር ሊሞላው ሲቃረብ ግን እናቲቱ ፓፕ የሚባል፣ ለስላሳና እርጥብ የሆነ፣ ከሴከሟ የሚመጣ ልዩ ዐይነ ምድር ታወጣለች። ግልገሉ አንገቱን ከከረጢቱ አውጥቶ ይበላዋል። የከረጢቱ አፍ እንደ ካንጋሮ ወደ ላይ ያላቀና መሆኑም ለዚህ ያመቸዋል። ለሰው ዐይን የሚያስጸይፈው ይህ ምግብ ለግልገሉ የቅጠል ዓለም መግቢያ ነው። እንገር ያላገኘ ጥጃ በወተት ቢጠግብም ለበሽታ የተጋለጠ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፓፕ ለኮዋላ ሁለተኛ እንገር ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ እንገር የሚያሻግረው የመከላከል አቅም ሲሆን ፓፕ የሚያሻግረው የመብላት አቅም መሆኑ ነው።

ስለዚህ ተንከባካቢው ከሌላ ጤነኛ ኮዋላ የተገኘ ፓፕ ወይም በትኩስ ዐይነ ምድር የተዘጋጀ ምትክ ለግልገሉ ይሰጣል። ለጋሹ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ክላሚዲያ የተባለው፣ ኮዋላዎችን የሚያሳውርና የሚያመክን በሽታ በዚሁ መንገድ ሊተላለፍ ይችላልና። እዚህ ላይ ሐኪሙ ከሁለት ጉዳት መካከል ይቆማል። ክላሚዲያን የሚያድነው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሴከሙንም ማኅበረሰብ ሊያጠፋ ይችላል፤ ከበሽታው የዳነ ኮዋላ ሆዱ ቅጠል እንደሞላ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ታኒንን የሚሰባብርና እ.ኤ.አ. በ1995 ሎንፒኔላ ኮዋላረም ተብሎ የተሰየመ አንድ ባክቴሪያ፣ መድኃኒት ከወሰዱ ኮዋላዎች በሕይወት በተረፉት ዘንድ ጎልቶ መገኘቱ በጥናት ታይቷል።

ይህ ውርስ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በቪክቶሪያ ግዛት የምትገኘው ኬፕ ኦትዌይ ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ኮዋላዎች እጅግ በዝተው የሚመርጡትን የባሕር ዛፍ ዝርያ ቅጠል ጨረሱ፤ ሌላ የባሕር ዛፍ ዝርያ በአቅራቢያቸው ቆሞ ሳለ ብዙዎቹ ተራቡ። በዚያው አካባቢ በሌላው ዝርያ የሚኖሩ ኮዋላዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዐይነ ምድር የተዘጋጀ እንክብል ለመጀመሪያዎቹ ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የአንጀታቸው ተሕዋስያን ተለወጡ፣ ለውጡም የማይወዱትን ቅጠል ከሚበሉበት መጠን ጋር የተያያዘ ሆነ። ለእኛ «ባሕር ዛፍ» አንድ ስም ነው፤ ለኮዋላ ግን ከ700 ከሚበልጡት ዝርያዎች በየአካባቢው የሚበላው ጥቂቱን ነው። እናት አልባ ግልገል የሚሰጠው ፓፕም ሆነ ቅጠል፣ ነገ ከሚለቀቅበት ጫካ ጋር የተጣጣመ ሊሆን ይገባል።

ጡት ከተወ በኋላ ግልገሉ ከእኩዮቹ ጋር በአጥር በተከለለ፣ ዛፍ ባለበት ስፍራ ይቆያል። መውጣትን፣ ቅርንጫፍ መምረጥን፣ ዝናብና ነፋስን መቻልን እዚያ ይማራል። የተንከባካቢው እጅም ሆን ብሎ እየራቀ ይሄዳል። ይህ የሥራው ከባዱ ክፍል ይመስለኛል። አንድ ዓመት ሌሊቱን እየተነሡ ያጠቡት ግልገል ሲያያችሁ ወደ ዛፉ ጫፍ ሲሸሽ ሥራችሁ ተሳክቷል፤ ወደ እናንተ ከመጣ፣ ነገ ወደ ውሻም ወደ መንገድም ይሄዳልና አልተሳካም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ እንስሳ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ሊድበሰበስም አይገባም። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የኩዊንስላንድን፣ የኒው ሳውዝ ዌልስንና የዋና ከተማዋን ግዛት ኮዋላዎች ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አስፍሯቸዋል። በጡጦ የሚያድጉ ግልገሎች ይህን ቁልቁለት አይገቱትም፤ የሚገታው ጫካው ሳይቆረጥ ሲቀር ነው። በደቡብ ምዕራብ ቪክቶሪያ፣ እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ ለንግድ በሰፊው ይተከላል። ኮዋላዎች ገብተው ቤታቸው ያደርጉታል፤ ዛፉ ለቆረጣ ሲደርስ ግን ቤቱም ገበታውም በአንድ ቀን ይወድቃል፤ የሚጎዱ እናቶችና ብቻቸውን የሚቀሩ ግልገሎችም ይኖራሉ። ግልገሉን ማሳደግ መፍትሔ ነው ብዬ አልሟገትም። እኛ ላደረስነው ጉዳት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ አይሰረዝም።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ አብዛኞቹ ኮዋላ አታክሙም። ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በሕገ ወጥ መንገድ ሲሻገር የተያዘ የአቦ ሸማኔ ግልገል ግን አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ያን ጊዜ ወተቱን ከመለካታችሁ በፊት እናቱ ከወተት ሌላ ምን ልትሰጠው ነበር ብላችሁ ጠይቁ። አደንን ማን ያስተምረዋል? ሰውን መፍራትን ከማን ይማራል? መልሱን ካጣችሁት፣ ግልገሉ ከተቀማው ውስጥ የማይተካውን አውቃችኋል፤ በእናቱ ጉያ ሳለ መጠበቅ እንደነበረበትም ለሚመለከተው ሁሉ በሙያችሁ ትመሰክራላችሁ።