የፈረሰው ገዳም ድንጋይ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ በሰሜን እንግሊዝ፥ በዮርክሻየር፥ ራይ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ስላለች ሪቮ ስለምትባል ትንሽ መንደር ነው። ቤቶቿ ጥቂት ናቸው፤ አጠገቧ ግን ጣራ የሌለው ታላቅ ገዳም ግድግዳው ብቻ ቆሞ ይታያል። ከቤቶቹም የገዳሙ ድንጋይ የገባባቸው አሉ። ይህን ያየ እንግዳ «ገበሬዎቹ ገዳሙን አፍርሰው ቤት ሠሩበት» ለማለት ይቸኩላል። እኔ የቆምሁት ይህን ፍርድ ለመቃወም ነው።

ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ1132 ከፈረንሳይ፥ ከክሌርቮ የመጡ የሲስተርሲያን መነኮሳት መሠረቱት። ከ1147 እስከ 1167 አበምኔት በነበረው በአባ ኤልሬድ ዘመን 140 መነኮሳትና 500 ያህል የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ወንድሞች እንደ ነበሩ ደቀ መዝሙሩ ጽፏል። ሀብታቸው በግና ሱፍ ነበር።

መነኮሳቱ የሚሹት ጸጥታ ነው፤ የጸጥታውን ዋጋ ግን አንዳንድ ጊዜ የከፈለው ገበሬው ነው። በ1143 ሌሎች መነኮሳት በአቅራቢያው፥ ኦልድ ባይላንድ በተባለው ስፍራ ሲሰፍሩ፥ የነበረውን መንደር አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። በ1147 ደግሞ የሁለቱ ገዳማት ደወል እየተደበላለቀ ስላስቸገረ እነርሱም ለቅቀው ሄዱ። አንድ መንደር ሙሉ የተነሣው ለአራት ዓመት መሆኑ ነው!

በ1538 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ሲዘጋ የቀሩት መነኮሳት ከሃያ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ርስቱ ለራትላንዱ ኧርል ለቶማስ ማነርስ ተሰጠ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጣራውን ያነሣው ገበሬው አይደለም። የጣራው እርሳስ የንጉሥ ድርሻ ስለ ነበር ቀልጦ በንጉሡ ማኅተም ታተመ። ከዚያም ጥቂቱ በፍርስራሹ ሥር ተቀብሮ ሲኖር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተገኝቶ፥ በዮርክ ካቴድራል «አምስቱ እኅትማማቾች» የተባለው መስኮት ታደሰበት። ጣራው የተገፈፈ ሕንፃ በዚያ የዝናብና የውርጭ አገር እንዴት እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻም።

ከዚያ በኋላ በስፍራው የብረት ማቅለጥ ሥራ ተስፋፋ። ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፤ የተጠረበ ድንጋይም ደጃፉ ላይ ወድቋል። ታዲያ አንሥቶ ቢሠራበት ሌባ ይባላል?

ዛሬ ፍርስራሹን የሚጠብቀው የእንግሊዝ ቅርስ ድርጅት ነው፤ ለመግባትም ይከፈላል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ድንጋይ ግን አሁንም ጣራ ተሸክሞ ሰው ያስጠልላል። ተቃዋሚ ካለ መድረኩን እለቅለታለሁ።