በላስ ቬጋስ ሙቀት ትንፋሽ ምን ያህል ያግዘናል?

ቡናው እስኪደርስ ድረስ ስለ ሙቀትና ስለ ትንፋሽ ጥቂት እንነጋገር።

ሐምሌ አገር ቤት ጋቢ የሚደረብበት ወር ነው፤ እዚህ ግን አስፋልቱ ይፋጃል። ጁላይ 7 ቀን 2024 የላስ ቬጋስ ሙቀት 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ነበር። በከተማዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም። ታዲያ በየስልካችን «እንዲህ ብትተነፍሱ ሙቀቱ አይነካችሁም» የሚሉ ቪዲዮዎች እየዞሩ ነው። ነገሩ ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሰውነታችን ራሱን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እንይ። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ሰው ግን የሚቀዘቅዘው በዋናነት በቆዳው ነው። ልብ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ትልካለች፣ ቆዳም ያልባል። ሙቀቱን ይዞ የሚሄደው ደግሞ የሚተነው ላብ ነው፤ 1 ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። ዱባይ ወይም ጅዳ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። እዚህ በረሃ ላይ ግን ሳናየው ይተናል። ስለዚህ «እኔ እኮ አላላበኝም» ብላችሁ ውኃ ከመጠጣት አትዘናጉ።

አሁን ወደ ትንፋሹ። ሕንዶች ሺታሊ የሚሉት የቆየ ዘዴ አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እስቲ አብረን እንሞክረው። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ምላሳችሁን እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ ጫፉን ትንሽ ወደ ውጭ አውጡ። በዚያ በኩል አየሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አፋችሁን ዝጉና በአፍንጫችሁ በዝግታ አስወጡ። ምላስ መጠቅለል ያቃታችሁ አትሳቀቁ፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ጥርሳችሁን ገጠም አድርጋችሁ በመሃሉ ሳቡ። ከአምስት እስከ አስር ጊዜ ይበቃል።

ቀዘቀዛችሁ አይደል? አየሩ ሲያልፍ የምላሳችሁን እርጥበት ስላተነነው ነው። ነገር ግን የቀዘቀዘው አፋችሁ ነው፤ የውስጥ አካላችሁ ሙቀት በዚህ ብቻ አይወርድም። አቧራ ባለበት ቦታ ደግሞ አታድርጉት፤ በአፍ የሚገባውን አየር አፍንጫ አያጣራውም። አስም ያለባችሁም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ሁለተኛው ዘዴ ቀላል ነው፤ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ይህ የልብ ምትን ያረጋጋል፣ ንዴትንና ጭንቀትን ያበርዳል። ትራፊክ ውስጥ ለተቀመጠ የታክሲ ሹፌር ወይም እንቅልፍ እንቢ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ቶሎ ቶሎ ማለክለክ ግን ጉዳት አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ከልክ በላይ ስለሚወጣ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል።

እንግዲህ የትንፋሽ ሥራ እኛን ማረጋጋት ነው፤ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ውኃ፣ ጥላና ኤሲ ነው። ሳይጠማችሁ ጠጡ። አንገታችሁንና ክንዳችሁን በውኃ አርጥቡ። ሙቀቱ ከ35 ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ማራገቢያ ብቻውን ትኩስ አየር ነው የሚነፋባችሁ፤ ቆዳችሁን ሳታረጥቡ አትመኩበት። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ ሰውነታቸው ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ወዲያው ወደ ውጭ ሥራ አይግቡ።

አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ። ጾመ ፍልሰታ የሚገባው በኦገስት መጀመሪያ ነው፤ አገር ቤት ክረምት፣ እዚህ ሐሩር። ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለስኳርና ለኩላሊት ሕመምተኛ፣ ለደም ግፊትም የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያላችሁ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አስቀድማችሁ አማክሩ።

በመጨረሻ ይህን ያዙልኝ። በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ሊሆን ይችላል። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ሴንቲግሬድ ያልፋልና «እስቲ በደንብ ተንፍስ» እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። 911 ደውሉ፣ ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር አትስጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በጎረቤታችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ በየቀኑ ደውሉላቸው፣ ኤሲያቸው መሥራቱንም ጠይቁ። ዛሬ ከዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ተቀያየሩ።