ምንጫችንን አሳልፈን የምንሰጠው እኛው ነን!

(ለጋዜጠኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ ሳንሱር አላወራም። የገዛ እጃችንን እንፈትሽ ልላችሁ ነው የመጣሁት።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልቡ እየመታ የአለቃውን ደብዳቤ በሞባይሉ አንስቶ ይልክልናል። እኛስ? ፎቶውን ወደ ፒዲኤፍ እንቀይርና «ስሙን አልጠቀስንም» ብለን እናወጣዋለን። እኔም ፒዲኤፍ ከሆነ የጸዳ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ገና ያልወጣ ሰነዳችንን መርምሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓትና የስልኩን ዓይነት ይናገራል» ቢለኝ ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ሰዓት መዝገብ ቤት የነበረው ማነው ቢባል፣ መልሱ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤግዚፍ በሚባለው፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ደንብ መሠረት ካሜራው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ጂፒኤስ ከተከፈተም ቦታውን ፋይሉ ጓዳ ውስጥ ይጽፋል። አንዳንድ መቀየሪያ ፕሮግራሞች ታዲያ ጄፔጉን ሳይነኩ እንዳለ ፒዲኤፉ ውስጥ ይከቱታል። ፖስታው ተቀየረ እንጂ ደብዳቤው ያው ነው። ፒዲኤፉም በበኩሉ የተሠራበትን ሰዓት፣ አንዳንዴም የኮምፒዩተሩን ተጠቃሚ ስም ይጨምርበታል።

ወሬ እንዳይመስላችሁ። የፀረ ቫይረሱ ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቤሊዝ ፖሊስ ሸሽቶ ሳለ ቫይስ መጽሔት ፎቶውን አወጣ። ፎቶው ውስጥ ጓቲማላ ያለበት ቦታ በቁጥር ተጽፎ ኖሯል! በቀናት ውስጥ እዚያው ተያዘ። ኮምፒዩተር አዋቂው እንዲህ ከሆነ ያ ምስኪን ሠራተኛ ምን ይዋጠው?

እና ጎበዝ፣ ፎቶው ከመቀየሩ በፊት ይጽዳ። ቀላሉ ዘዴ በራሳችሁ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ ስክሪንሾት ማንሳትና እሱን መቀየር ነው። በኋላ ከፒዲኤፉ ላይ እሰርዛለሁ ማለት አያዋጣም፤ ኤግዚፍቱል የተባለው ፕሮግራም ከፒዲኤፍ የሰረዘው ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል ሠሪው ራሱ ጽፏል። ቴሌግራምም ቢሆን እንደ ፎቶ ሲላክ ይህን መረጃ ያራግፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ያመጣዋል። «ጥራት እንዲኖረው በፋይል ላክልኝ» የምንለው ደግሞ እኛው!

ኮምፒዩተሩ እዚሁ ተከፍቷል። ሰሞኑን ያወጣችሁትን ሰነድ ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው።