በጦርነት መካከል የተደረገ ምርጫ



ሥራው በማይክሮፎን ፊት መናገር የሆነ ሰው «አገር ወዳድ» የሚለውን ቃል ያዘወትራል። ቃሉ ለአንደበት ይቀላል፤ ለጆሮም ይጣፍጣል። «ከሐዲ» የሚለውም ቃል የዚያኑ ያህል ካፍ ለመውጣት ችግር የለበትም። ነገር ግን አገር በጦርነት ላይ ሳለች መንግሥቱን የሚቃወም ዜጋ ከሁለቱ በየትኛው ስም መጠራት ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማገላበጥ፤ ጦርነት ላይ ሆኖ ለመመለስ የተገደደውን ሕዝብ ታሪክ መመልከት ይሻላል ብዬ፤ በ1864 በአሜሪካ የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ መርጬላችኋለሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሰሜንና የደቡብ ጦርነት በኤፕሪል 1861 ከተጀመረ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። በጄኔራል ግራንት የሚመራው የሰሜን ጦር ወደ ደቡቦች ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ ለመግፋት ሲታገል በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ረገፉ፤ ይልቁንም በጁን መጀመሪያ ኮልድ ሃርበር በተባለው ስፍራ የደረሰው እልቂት በየቤቱ ልቅሶ አስነሣ። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ግን በጁላይ 18 ቀን ሌላ 500,000 ወታደር እንዲሰለፍ አዋጅ አወጡ። ምርጫ ሊደረግ አራት ወር እንኳ ሳይቀረው ከሕዝብ ልጆቹን መጠየቅ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው የሚመከር ነገር አይደለም።

በተቃዋሚው በዲሞክራት ፓርቲ ውስጥ ሁለት ወገኖች ነበሩ። አንደኛው ጦርነቱን ይደግፋል፤ አመራሩን ግን ይነቅፋል። ሁለተኛው ወገን ጦርነቱ ራሱ ይቁምና ከደቡቦች ጋር እንታረቅ ይላል። የመንግሥቱ ደጋፊዎች እነዚህን ሁለተኞቹን ሳያስጠነቅቅ በሚነድፍ በአንድ መርዘኛ እባብ ስም ይጠሯቸው ነበር። ከመካከላቸው ስማቸው ገንኖ የተሰማው የኦሃዮው ሰው፤ የቀድሞው የምክር ቤት አባል ክሌመንት ቫላንዲግሃም ናቸው። በሜይ 1863 ጦርነቱን በአደባባይ ነቅፈው ስለ ተናገሩ በጄኔራል በርንሳይድ ትእዛዝ ሌሊት ከቤታቸው ተያዙ፤ ወታደር ሳይሆኑም በጦር ፍርድ ቤት ቀርበው ጦርነቱ እስኪያልቅ እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። ሊንከን እስራቱን ለውጠው ወደ ደቡቦች ግዛት እንዲባረሩ አደረጉ። ተሰዳጁ ግን በባሕር ዞረው ካናዳ ገቡና፤ በስደት ላይ እንዳሉ ለኦሃዮ አገረ ገዥነት ተወዳደሩ! በ100,000 ያህል ድምፅ ተሸነፉ። ያሸነፏቸውም ጆን ብራፍ ራሳቸው ጦርነቱን ከሚደግፉት ዲሞክራቶች ወገን ነበሩ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት እገልጻለሁ። የእኒህ ሰው ምክር ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቁር ባሮች ከነሰንሰለታቸው በቀሩ ነበርና፤ ምክሩ ክፉ ምክር ነበር። ነገር ግን ክፉ ምክር መምከርና አገርን ለጠላት መሸጥ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱንም ለይቶ መፍረድ የዳኛ እንጂ የጄኔራል ሥራ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1866 ሚሊጋን በተባለ ሌላ ሰው ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፤ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ሆኖ ሳለ ሲቪሉን ሰው በጦር ፍርድ ቤት መዳኘት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን መሆኑን አስታውቋል። ፍርዱ የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሊንከንም ከስሕተት የጸዱ አልነበሩም፤ ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር የሚጠብቀውን መብት ያገዱት እሳቸው ናቸው። ሆኖም ያው ጄኔራል በጁን 1863 የዘጋውን «ቺካጎ ታይምስ» የተባለውን ጋዜጣ፤ ምንም እንኳ ዕለት ዕለት ይሰድባቸው የነበረ ቢሆን፤ ወዲያው እንዲከፈት አዘዋል። ቫላንዲግሃምም በ1864 ከስደት ሲመለሱ አይተው እንዳላዩ አለፏቸው።

የሊንከን የራሳቸውም ቤት ቢሆን ሰላም አልነበረውም። ባሮች ነፃ የሚወጡበት ነገር ዘገየ ብለው የተቈጡ ሰዎች በሜይ መጨረሻ ክሊቭላንድ ላይ ተሰብስበው ጄኔራል ፍሬሞንትን ለፕሬዚዳንትነት አጩ። በኦገስትም ዌድና ዴቪስ የተባሉ ሁለት የምክር ቤት አባሎች፤ ሁለቱም የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ፤ ሊንከንን በብርቱ የሚወቅስ መግለጫ በጋዜጣ አወጡ። ፓርቲው ግን በጁን ባልቲሞር ላይ ስሙን «የብሔራዊ አንድነት ፓርቲ» ብሎ ለውጦ፤ ከሊንከን ጋር ለምክትልነት የቴኔሲውን ዲሞክራት አንድሩ ጆንሰንን አቁሞ ነበር። ሊንከንም ለመታጨታቸው ምስጋና ሲያቀርቡ፤ ወንዝ በመሻገር ላይ ሳሉ ፈረስ መለወጥ አይበጅም ያሉትን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠቅሰዋል።

በዚያን ጊዜ ግን ፈረሱ የሚለወጥ ይመስል ነበር። የፓርቲው ታላላቅ ሰዎች ምርጫውን እንደማያሸንፉ ለሊንከን በግልጽ ነገሯቸው። ኦገስት 23 ቀን ሊንከን አንድ ወረቀት ጻፉና አጥፈው አሸጉ፤ ለሚኒስትሮቻቸውም ሳያስነብቡ በጀርባው ላይ አስፈረሟቸው። ጽሑፉ፤ መንግሥታቸው ዳግመኛ የማይመረጥ መስሎ እንደሚታይ፤ እንዲህ ከሆነም ከምርጫው ቀን እስከ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሹመት ባለው ጊዜ ከተመራጩ ጋር ተባብረው አገሪቱን ከመከፈል ማዳን ግዴታቸው እንደሚሆን የሚናገር ነበር። ተመራጩ የሚያሸንፉበት ሁኔታ ከሹመታቸው በኋላ አገሪቱን ለማዳን እንደማያስችላቸውም ጨምረው ጽፈዋል። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ይህን ነው። እሸነፋለሁ ብሎ የሚያምን፤ ጦርም ሥልጣንም በእጁ ያለ ሰው፤ ምርጫውን ለማስቀረት ሳይሆን ለመሸነፉ ማግስት ተሰናዳ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዲሞክራቶች ቺካጎ ላይ ተሰበሰቡ። ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ያገኙት ዘዴ ለአንዱ ሰውየውን፤ ለሌላው ቃሉን መስጠት ነበር። ለፕሬዚዳንትነት የታጩት ሊንከን በ1862 ከጦር አዛዥነት የሻሯቸው ጄኔራል ጆርጅ ማክሌላን፤ የጦርነት ደጋፊ ሲሆኑ፤ የፓርቲው መግለጫ ግን ቫላንዲግሃም እጃቸውን ያስገቡበት ነበርና ጦርነቱ ከሽፏል፤ ውጊያ ይቁም ይል ነበር። እንዲህ ያለው አንድነት እስከ ምርጫው ቀን እንኳ ሳይዘልቅ ቀረ። ማክሌላን በሴፕቴምበር 8 ቀን ዕጩነቱን መቀበላቸውን በጻፉበት ደብዳቤ፤ ከሞት የተረፉትን ጓዶቻቸውን ፊት አይተው ደማችሁ በከንቱ ፈሰሰ ለማለት እንደማይችሉ ገልጸው፤ የአገሪቱ አንድነት ሳይመለስ ዕርቅ የለም አሉ። በመንግሥቱ ላይ የተነሡት ጄኔራል በፓርቲያቸውም ላይ ተነሡ፤ እኔም ሁለቱን ተቃውሞ በአንድ ሚዛን የአገር ፍቅር እለዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። በሴፕቴምበር 2 ቀን ጄኔራል ሸርማን አትላንታን ያዙ፤ የሕዝቡም ልብ ተመለሰ። በወሩ 22 ቀን ፍሬሞንት ከውድድሩ ወጡ፤ በማግስቱ ደግሞ የፍሬሞንት ወገኖች የሚጠሏቸው የፖስታ ሚኒስትሩ ብሌር ሥራቸውን ለቀቁ። ሁለቱ ነገሮች ባጋጣሚ የተከታተሉ ናቸው ብሎ የሚያምን ይመን! ኖቬምበር 8 ቀን ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። ብዙ ወታደሮችም በጦር ሰፈራቸው ሆነው መረጡ፤ ጦርነቱ ይቁም ቢባል በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የሚጨምር እነዚህ ሰዎች ከአሥሩ ከሰባት በላይ ለሊንከን ሰጡ። ሊንከን በመራጮች ጉባኤ 212 ለ21 አሸነፉ። ሆኖም በጦርነቱ መካከል ከመቶ 45 ያህሉ መራጭ ፕሬዚዳንቱን መቃወሙን አንርሳ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ከሐዲ ብሎ አገር መጠበቅ አይቻልም።

ኖቬምበር 10 ቀን ደስታውን ለመግለጽ ወደ ቤተ መንግሥቱ ለመጣው ሕዝብ ሊንከን ሲናገሩ፤ ዐመፁ ምርጫን እንድንተው ቢያስገድደን ኖሮ አሁኑኑ አሸንፎናል ማለት ይቻል ነበር ብለው፤ ከምርጫው በኋላ ሁሉም አገርን ለማዳን እንዲተባበር ለመኑ። በማግስቱም ያንን የታሸገ ወረቀት በሚኒስትሮቻቸው ፊት አስከፈቱት። ጄኔራሉ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ሄጄ፤ አንተ ሕዝቡ አለህ፤ እኔ ሥልጣኑ አለኝ፤ በቀረን ጊዜ አብረን ጦር እናሰልፍ እለው ነበር አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲዋርድ፤ ጄኔራሉ እሺ እሺ ይልዎትና በማግስቱ ሲያገኙትም እሺ እሺ ይልዎታል ብለው ቀለዱ። ሊንከንም፤ ቢያንስ እኔ ግዴታዬን ፈጽሜ ከኅሊናዬ ጋር እታረቅ ነበር ብለው መለሱ።

ጄኔራል ማክሌላን በምርጫው ዕለት የጦር ማዕርጋቸውን ለቀው ነበር። ወደ አውሮፓ ሄደው ከቆዩ በኋላ ተመለሱ፤ በ1878 የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ሆኑ።