የእርምጃ ሒሳባችንን ስናስታርቅ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል እዚህ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ወለድ ነው የሚያወራው። ዛሬ የምናወራው ስለ እርምጃ ነው። ባለፈው ግማሽ ዓመት ለደጋፊዎቻችን በላክነው ሪፖርት ላይ ስህተት ሠርተናል። ስህተቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ በደብዳቤ አርመን እናልፈው ነበር። ግን ሰው አስቀይመንበታል፤ ስለዚህ በአደባባይ የተናገርነውን በአደባባይ ልናርመው መጥተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አባሎቻችን ከጤና ባለሙያ «ተንቀሳቀሱ» ሲባሉ የእግር ጉዞ ቡድን አቋቋምን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ 11፡40 እስከ 12፡30 በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እንሄዳለን። በቀን 50 ደቂቃ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል እንቅስቃሴ ይመክራል። የቀን ግባችንን 3 ሺህ እርምጃ አደረግነው። «ለምን 10 ሺህ አይሆንም?» ያሉን ነበሩ። 10 ሺህ የሚለው ቁጥር ከሐኪም ቤት የወጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ካሸነፈ በዓመቱ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ ማንፖኬይ፣ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ።

ጉዞውን ለመመዝገብ በየስልኩ ላይ የልማድ መከታተያ አፕ ጫንን። ብዙዎቻችን ያልተረዳነው ነገር አፑ ራሱ እርምጃ እንደማይቆጥር ነው። እርምጃውን የሚቆጥረው ስልኩ ነው፤ ቁጥሩን በጤና መረጃ ማስቀመጫው ውስጥ ያኖረዋል። በአንድሮይድ ስልክ ይህ ማስቀመጫ ሄልዝ ኮኔክት ይባላል፤ ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። የእኛ አፕ ከዚያ አንብቦ ግቡ ከሞላ ምልክት ያደርጋል፣ ካልሞላ 0 ያሳያል። ሪፖርቱን ስንሠራ ይህን 0 አይተን ሰባት ሴቶችን «አቋርጣለች» ብለን ጻፍን።

በወርሃዊው ስብሰባ የሰባቱ ስም ሲነበብ አንዲት እናታችን ተነሱ። «እናንተ ከእግሬ ይልቅ ስልኩን አመናችሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አብረዋቸው የሚሄዱት ሁሉ አንድም ቀን እንዳልቀሩ ያውቃሉ። በዚያው ስብሰባ በቀን 19 ሺህ እርምጃ ለተመዘገበላት እህታችን ቆመን አጨብጭበናል። እሷም እንደ ሌሎቻችን ሐይቁን አንድ ጊዜ ነበር የዞረችው።

ከዚያ በኋላ ሰባቱንም ስልኮች ሰብስበን ተቀመጥን። ከባንክ የሚመጣው መግለጫና የእኛ መዝገብ አልገጥም ሲሉ የምናደርገውን አደረግን፤ ማስታረቅ ጀመርን። የአንድ ቀን ጉዞ ይዘን ስልኩ ቆጥሮታል ወይ፣ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቷል ወይ፣ አፑ አንብቦታል ወይ እያልን ደረጃ በደረጃ ወረድን።

የሦስቱ ስልክ ቆጥሯል፣ አስቀምጧልም። አፑ ግን የማንበብ ፈቃድ አልነበረውም። መጀመሪያ ሲከፈት ስልኩ «ይህ አፕ የእርምጃ መረጃ ያንብብ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቋቸዋል፤ እነሱም ከልክለዋል። ለምን ቢባል፣ ስለ ሞባይል ባንክ ባሰለጠንናቸው ጊዜ «የማታውቁት ነገር ፈቃድ ሲጠይቃችሁ እንቢ በሉ» ያልናቸው እኛው ነን! ትምህርታችንን በደንብ ይዘውታል። ያቺ እናታችንም ከእነዚህ ሦስት አንዷ ናቸው። የተዘለለች አንዲት ፈቃድ ናት፣ እኛ ግን እሷን አቋረጡ ብለን ተረጎምናት።

እህቷ ከአሜሪካ አይፎን የላከችላት አባል ካለች ይህን ትያዝልን። አይፎን ላይ የጤና መረጃ የማንበብ ፈቃድ ቢከለከል፣ አፑ መከልከሉን እንኳ አያውቅም። መረጃ የሌለ መስሎ ይታየዋል። ይህ የባለቤቷን ምስጢር ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስልኩ ተቆልፎ ባለበት ጊዜም የጤናው ማስቀመጫ ስለሚዘጋ አፑን ከፍቶ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የሁለቱ ግን ብዙ አደከመን። ፈቃድ አለ፣ እርምጃውም አለ፣ ግን ግቡ አንድም ቀን አይሞላም። በመጨረሻ ከእኛ አንዷ የስልኩን ሰዓት አየችው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 1፡00 ይላል። ሁለቱም ስልካቸው በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይላቸው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰውታል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኛም ክፋቱን አስበነው አናውቅም። ለስልኩ ግን ቀኑ የሚቀየረው ራሱ 12 ሌሊት ነው ብሎ ሲያስብ ነው፤ ያም በእነዚህ ስልኮች ላይ ልክ ጎህ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ስለዚህ የሰኞው ጉዞ እስከ 12 ሰዓት ያለው እሁድ ላይ ተመዘገበ፣ የቀረው ሰኞ ላይ። ሁለቱም ከ3 ሺህ በታች ናቸው። መፍትሔው የስልኩን ሰዓትና ቀጠና ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነበር፤ የእኛን ሰዓት ለማየት የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ሌላ አፕ ፊት ለፊት አስቀመጥንላቸው። ስልካችሁ ከውጭ አገር የመጣ ከሆነም የሰዓት ቀጠናውን እዩት። በዋሽንግተን ሰዓት ላይ የቀረ ስልክ የንጋት ጉዟችንን በሙሉ ትናንት ላይ ነው የሚጽፈው።

ስድስተኛዋ ስልኳ ባትሪ እንዲቆጥብ ስለተደረገ አፑ ከጀርባ ይዘጋባት ነበር። ለዚያ አፕ የባትሪ ገደቡን አነሳንላት፣ አለቀ። ሰባተኛዋ በእውነት አቁማለች፤ ጉልበቷን አሟት ነው፣ የጠየቃትም አልነበረም።

ያጨበጨብንላት እህታችን ደግሞ ስልክም የእጅ ሰዓትም ይዛ ነበር የምትሄደው። ሁለቱም ቆጠሩ፣ አፑም ደመራቸው። የእቁብ ሰብሳቢውም ጸሐፊዋም ያንኑ ብር ለየብቻ ገቢ እንደማድረግ ነው። ግማሹን 9 ሺህ 500 ብንለውም ይበዛል። ቀሪው የማን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ልጇ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ኪሱ ከቶ ኳስ ይጫወታል! ሰዓቱን አስቀርተን የቁጥሩ ምንጭ ስልኩ ብቻ እንዲሆን መረጥን። ልጁን ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም።

አንድ ጥፋት ደግሞ የራሳችን ነው። መጀመሪያ ላይ ግራ ሲገባን አፑን አጥፍተን እንደገና ጫንነው። ሄልዝ ኮኔክት ለአዲስ ፈቃድ የሚያሳየው ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ወደ ኋላ 30 ቀን ያለውን መረጃ ነው። በሁለት ስልኮች ላይ የቀደሙትን ወራት አፑ ሊያነባቸው አልቻለም፤ ከማስቀመጫው እያየን በእጅ ገለበጥን። እባካችሁ ለማጥፋት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ፈቃዱንና ሰዓቱን እዩ። ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው ብላችሁም ካርድ አትጨርሱ፤ እርምጃው የሚቆጠረውም የሚቀመጠውም ስልኩ ውስጥ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ፈቃድ ስጡ ስንል ሁሉንም አይደለም። ስለ እርምጃ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ወር አበባ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው። ለማህበሩ የሚያስፈልገው እርምጃ ብቻ ነው፤ ሌላውን ከልክሉ። ለደጋፊዎቻችንም የምንልከው የቡድኑን ድምር እንጂ የማንንም ስም አይደለም።

የታረመው ሪፖርት ተልኳል። ካሁን በኋላ በቅጹ ላይ «0» እና «መረጃ የለም» የተለያየ ዓምድ አላቸው። «መረጃ የለም» ከሆነ ሰው ቤቷ ሄዶ ይጠይቃታል፤ የጉልበት ሕመሙንም ያገኘነው እንዲህ ስንሄድ ነው። ከስልኩ ጎን የወረቀት ደብተርም ጨምረናል፣ ስልክ የሌላቸው አባሎቻችን እንዳይቀሩብን።

እናታችን ቤት ሦስት ሆነን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፍልተው አጠጡንና ምንም ሳይሉ ሸኙን። በማግስቱ ረቡዕ ሐይቁ ዳር ከሁላችን ቀድመው ቆመው አገኘናቸው። ደብተሩን አሁን የሚይዙት እርሳቸው ናቸው። ስልካቸውን ግን ቤት ትተው ነው የሚመጡት።