ፓስወርዱ ልክ ነበር
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከባኮ፣ ከአዲስ አበባም ተነሥታችሁ አምቦ ላይ በድጋሚ ስለተያየን ደስ ብሎኛል። አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ አጫውተን» ብለውኛል። እንግዲህ ብዙዎቻችሁን በየቢሯችሁ ስለሚያናድዳችሁ ነገር ላውራ፤ አዲስ ዊንዶውስ ሲገባ ኔትወርኩ «አላውቅህም» ስለሚለን።

አንድ ቀን፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ደወለችልኝ። የተማሪ ውጤት አስገብታ የምትጨርስበት የመጨረሻ ቀን ነው። አሮጌው ኮምፒውተሯ ገና ሲከፈት ዋይፋዩን ራሱ ይገባላት ነበር። ዊንዶውስ 11 ያለው አዲሱ ላፕቶፕ ግን በየጠዋቱ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃታል። ፓስወርዴ ተበላሽቷል ብላ ቀየረችው፤ አሁንም ጠየቃት፣ እንደገና ቀየረችው። በመጨረሻ አዲሱና አሮጌው ተምታቶባት አካውንቷ ተቆለፈ። «ጋሼ፣ እኔው ነኝ ያበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ።

እሷ ምንም አላበላሸችም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም፣ በኢንተርፕራይዝና በኤጁኬሽን ዓይነቶቹ፣ ኮምፒውተሩ አቅሙ ካለው «ክሬደንሻል ጋርድ» የሚባለውን ጥበቃ ራሱ ያበራል። ድሮ ዊንዶውስ ፓስወርዳችንን ይዞ በስማችን ለዋይፋዩ ያቀብልልን ነበር። አሁን ምስጢሩን ለብቻው ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ፣ «ኤምኤስ ቻፕ ቁጥር 2» ለሚባለው አሮጌ የመግቢያ ዘዴ አላቀብልም ይላል። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው በእጁ መጻፍ አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥር 1999 ዓ.ም. ቪስታ ለገበያ ሲቀርብ፣ ማይክሮሶፍት «ጂና» የተባለውን የመግቢያ ክፍል አውጥቶ በሌላ ተካው። የኖቬል ኔትወርክ መግቢያ ክላየንት የተሠራው በጂና ላይ ስለነበር፣ ለኤክስፒ የተዘጋጀው በቪስታ ላይ አልሠራም፤ ኩባንያው ለቪስታ ሌላ ክላየንት ማዘጋጀት ነበረበት። ያኔም ቢሆን የተጠቃሚው ፓስወርድ ትክክል ነበር። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ያን ቀን አካውንቷን ካስከፈትኩላት በኋላ፣ መጠየቁን እንዲተው ብዬ ጥበቃውን አጠፋሁት። ሥራው ደረሰ፣ እሷም መረቀችኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ላፕቶፕ ሦስት ሰው ይጠቀምበታል፣ ፍላሽም ከየቦታው ይሰካበታል። ቫይረስ ገብቶ ሥልጣን ካገኘ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የገባውን ሁሉ ምስጢር ሊወስድ ይችላል፤ ለጥገና የገባሁትን የእኔንም ጭምር። ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀኝ ብሎ ዘበኛውን እንደማባረር ነው! በማግሥቱ ሄጄ መልሼ አበራሁት። ዘላቂው መፍትሔ ዋይፋዩን በፓስወርድ ፋንታ በሰርተፊኬት ወደሚያስገባ ዘዴ መቀየር ነው። ማይክሮሶፍትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። እስከዚያው ግን በየጠዋቱ በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ይህን የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ኃላፊዎች ስለሆናችሁ ነው፤ የኮምፒውተር ግዢ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም። እባካችሁ ሃያውን ኮምፒውተር በአንድ ቀን አትቀይሩ። አንዱን ብቻ ቀይሩና ሥራ የሚበዛበት ሰው ሳምንት ሙሉ ይሥራበት፤ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩን፣ የጋራ ፎልደሩን ሁሉ ይሞክር። የውጤት ማስገቢያና የምዝገባ ሳምንት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትንኩ።

ደግሞ አንድ ሠራተኛ «አልገባ አለኝ» ብሎ ሲመጣ፣ «ረስተኸው ነው» ከማለታችሁ በፊት «ኮምፒውተርህ መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ እህት ግማሽ ቀን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ የዋለችው፣ ይህን የሚጠይቃት ሰው አጥታ ነው።

የቀረውን ምሳ ላይ አምቦ ውሃችንን እየጠጣን እንጨዋወታለን።